የፍቅር ኮሜዲ መጻፍ ስማር

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሥራሽ አውሪልን» ሲሉኝ ስለ ወሊድ የደም መፍሰስ የምናገር መስሏቸው ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ። ዛሬ የማወራው ስለ ማታው ሥራዬ ነው። ወላይታ ሶዶ፣ ተረኛ ባልሆንኩባቸው ማታዎች፣ ቁጭ ብዬ የፊልም ድርሰት እጽፋለሁ፤ ያውም የፍቅር ኮሜዲ። (አሁን የሳቃችሁትን አይቻችኋለሁ።)

የጀመርኩት ሰው አስቸግሬ ነው። ተረኛ ክፍል ውስጥ ነርሶቹ የአማርኛ ፊልም ሲያዩ እኔ ከኋላ ሆኜ «ሰው እንዲህ ብሎ ያወራል እንዴ?» እያልኩ ስነዘንዛቸው፣ አንዷ ዞር ብላ «ዶክተር፣ ታዲያ ለምን ራስዎ አይጽፉትም?» አለችኝ። ጻፍኩት። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሴት፣ 28 ዓመት፣ ያላገባች። ከሦስት ወር ወዲህ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ አለባት።» የበሽተኛ ካርድ!

የፊልም ድርሰት ዓይን የሚያየውንና ጆሮ የሚሰማውን ብቻ ነው የሚቀበለው። «ናፈቃት» ብሎ መጻፍ አይሆንም፤ ማን ይቀርጸዋል? ብቻዋን ካፌ ገብታ ሁለት ማኪያቶ ካዘዘች ግን ይቀረጻል። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚሄድ ደግሞ ያለሽ መቶ ገጽ ገደማ ነው፣ አለቀ። ይሄ በልምምድ ይመጣል።

ከባዱ እንቅፋቱ ነው። የፍቅር ኮሜዲ ሊያይ የመጣ ሰው ሁለቱ መጨረሻ ላይ እንደሚገናኙ ገና ፖስተሩን ሲያይ ያውቃል። ስለዚህ ወንበሩ ላይ የሚያቆየው «ይገናኙ ይሆን?» ሳይሆን «ምን ያዛቸው?» የሚለው ነው። መንግሥቱ ለማ ይሄንን ከሁላችን ቀድመው አውቀውታል። «ጠልፎ በኪሴ» የጠለፋ ጋብቻን፣ «ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ የተማረ የባላባት ልጅንና የቤት ሠራተኛውን ይዘው ነው የሚያስቁን። ትያትር ናቸው እንጂ ፊልም አይደሉም። ቢሆንም ከውጭ መማሪያዎች ሁሉ በላይ ጠቅመውኛል፤ እንቅፋቱ ከእኛው ቤት የወጣ ነዋ።

የእኔ የመጀመሪያ ድርሰት እንቅፋት ግን አንድ ወንድ ነበር። ታሪኩን አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለት የሕክምና ተማሪዎች ለቲቲፒ አጋሮ ይወጣሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠይቅ ሲሞሉ ይዋደዳሉ። በ1999 ዓ.ም. የምደባ ዕጣ ይወጣል፤ ለእሷ ወላይታ፣ ለእሱ ጎንደር። እሱ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ እሷ መናኸሪያ ቆማ ታለቅሳለች። 96 ገጽ። አዲስ አበባ ላለ አንድ የፊልም አዘጋጅ ላክሁለት። አንብቦ ደወለልኝ፦ «ዶክተር፣ ይሄ ኮሜዲ አይደለም፣ ክስ ነው። ተከሳሹ ደግሞ አንድም ቦታ ቃሉን አልሰጠም።»

ተናደድኩ። ድርሰቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ሌላ ጀመርኩ፤ ሶዶ ላይ የሚሆን። የወላይታ ጎሳዎች ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ሥር ናቸው። በባህሉ ማላ ከማላ፣ ዶጋላ ከዶጋላ አይጋባም። ባለ ሥጋ ቤቱ ልጅ የባንክ ገንዘብ ከፋይዋን ይወዳል፣ ሁለቱም ማላ ሆነው ይገኛሉ፣ አባትየው በዱላ ይነሣሉ። ለአንዲት የአገሩ ልጅ ለሆነች አዋላጅ አስነበብኳት። ስትጨርስ ዝም አለች። «ምነው?» ብላት፣ «ዶክተር፣ አባትየው ምን አጠፉ? እኅቱን እኮ ነው ላግባ ያላቸው። እኔ ብሆን ልጁም ይደነግጣል።»

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። እንቅፋቱን እኔ ስለናቅሁት ድርሰቱ ውስጥ የሚያከብረው ሰው ጠፋ። ፍቅረኞቹ ራሳቸው ካላከበሩት ደግሞ ምን ይይዛቸዋል? ነገ ተነሥተው ይሂዳ! ዱላውን አወጣሁና ሌላ ነገር አስገባሁ፦ ሁለቱም የጎሳቸውን ነገር አይጠያየቁም። መልሱን ስለሚፈሩ፣ ካልተጠየቀ የለም ብለው። የባንኩ ዘበኛ «የማን ወገን ነህ ልጄ?» ሲሉት ያልጠራ ስልክ ያነሣል። አክስቱ ስትጠይቃት እሷ የሻይ ብርጭቆ ትጥላለች። በአርባ ገጽ ውስጥ ስድስት ብርጭቆ ተሰብሯል።

አራተኛው ብርጭቆ ላይ እጄ ቆመ። ይሄንን አለመጠየቅ የት ነው የማውቀው? ጅማ ነው። ዕጣው በወጣ ማታ «ልከተልህ?» አላልኩትም፤ «አብረን እንድንመደብ እንጠይቅ?» አላልኩትም። ዘጠና ስድስት ገጽ ሙሉ «ሄደ» ብዬ ጽፌ፣ እኔም ወደ ሌላ አቅጣጫ አውቶቡስ መሳፈሬን አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ደወልኩለት። ከስንት ዓመት በኋላ! ሰላምታው፣ ልጆቹ፣ ሥራው... ከዚያ «ያን ማታ ብጠይቅህ ትመጣ ነበር?» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ «ወላይታ ሲደርስሽ ፈገግ ብለሽ ነበር እኮ። ደስ ያለሽ መስሎኝ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ፈገግ ያልኩት ሰው ፊት ላለማልቀስ ነበር!

ያቺን ፈገግታ እንዳለች ድርሰቱ ውስጥ ከተትኳት። ልጁም ከዕጣው በኋላ የራሱ ሦስት ትዕይንት አለው፤ በአንደኛው ጎንደር የምትሄደውን ሻንጣ ሁለት ጊዜ ሲፈታት ታያላችሁ። አዘጋጁ ድጋሚ አንብቦ «አሁን ሳቅሁ» አለኝ። ይሠራዋል ወይ? እሱን ገና እየተነጋገርን ነው። ሰውየው ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ እባካችሁ አትዙሩ። ባለቤቱ ከእሱ በፊት አንብባው ሁለት ቦታ ቁረጪ አለችኝ። ልክ ነበረች፣ ቆረጥኩ።

የሶዶው ድርሰት ገጽ 71 ላይ ነው። መስከረም ነው፣ ጊፋታ፤ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። አያትየው ልጅቷን አጠገባቸው አስቀምጠው አፋቸውን ከፍተዋል፣ የሚሰበር ብርጭቆም አልቋል። መልሷ ምን እንደሚሆን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። አዋላጇ «ዶጋላ ናት ብለው አይገላገሉም፤ ማንም አያምንዎትም» ብላኛለች። የወላይታ ልጆች ካላችሁ፣ ምሳ ላይ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ነኝ፤ ኑና ተከራከሩኝ።