አባ ጎርጎርዮስና ወዳጃቸው ሉዶልፍ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ፣ በላሊበላ ከተማ የተደረገ ንግግር)




በላስታ ምድር የቆመ መሐንዲስ ስለ ድንጋይ እንዲናገር ይጠበቃል። እኔ ግን የመረጥሁት ስለ ደብዳቤ መናገርን ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ጀርመናዊ ሮም ገባ። ግእዝን ከመጻሕፍት ተምሯል። በዚያም በኢትዮጵያውያኑ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ አገራቸው ከዚህ ወደ ደቡብ፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ ይገኛል። የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ የተቃጠለች ስለሆነች፣ አባ ያደጉት የታላቅ ሕንፃ ፍርስራሽ ባለበት አገር ነበር።

በ1652 መስፍኑ ኤርንስት አባን ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት አስጠራቸው። ሉዶልፍ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ወንዙና ስለ አውሬው፣ ስለ አማርኛም ሳይቀር ጠየቃቸው። ከተለያዩም በኋላ በግእዝ ይጻጻፉ ነበር። ከዚህ ቀደም ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት ተመልክቶ፣ አንባቢ አያምነኝም ብሎ እስከ መማል ደርሷል። የዓይን ምስክር ምሎ ያልፋል፤ በደብዳቤ የሚጠየቅ ወዳጅ ግን ደግሞ ይጠየቃል፣ ይታረማል። ልዩነቱ ለእኔ ትልቅ ነው።

በ1658 አባ ወደ አገራቸው ሲጓዙ መርከባቸው በእስክንድሮና አጠገብ ተሰብሮ ሰጠሙ። የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ የታተመው ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1681 ነው፤ ካርታው በ1683፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 ተከተሉ። የወዳጁን ውለታ በስም ጠርቶ ጽፏል። ነገር ግን ካርታውን ሲያስነድፍ «ይህ ተራራ በየት በኩል ነው?» ብሎ የሚጽፍላቸው አባ አልነበሩም።

ይህን ያነሣሁት በራሴ ጥፋት ምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ የዝናም ውኃ መውረጃዎችን ስንለካ፣ አንድ አረጋዊ ቄስ «ልጄ፣ ይህ ቦይ በልጅነቴ በዚያ በኩል ነበር የሚፈስሰው» ብለው በመቋሚያቸው አሳዩኝ። በማስታወሻ ደብተሬ በእርሳስ ጫርሁት። በሪፖርቱ ውስጥ ግን አልገባም፤ ከንድፉ ጋር የማይገናኝ መስሎኝ ነበር።

የላሊበላን ታሪክ የሚያጠና የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ ስለ ውኃው አወራረድ በደብዳቤ ሲጠይቀኝ «ሪፖርቱን ተመልከት» ብዬ መለስሁለት። ሰነፍ መልስ ነበር። ከ1966 ጀምሮ አርኪቴክቱ ሳንድሮ አንጀሊኒ በቀደመው ጥገና የተቀባውን ሬንጅ ማስነሣት የነበረበት፣ በለስላሳው ቀይ ድንጋይ ላይ ምን እንደሚስማማው አስቀድሞ ስላልተጠየቀ ይመስለኛል። በ2008 የተተከሉትም መጠለያዎች ገና ብዙ የሚያጠያይቁ ናቸው፤ ለጠያቂው መልስ የምንሰጠው ደግሞ እኛ ነን።

ለዚህ ጉባኤ ስመጣ ደብተሩን ይዤ ወደ ቦታው ሄድሁ። ቄሱ አርፈዋል። የእርሳሱ ጽሑፍ ከፊሉ ደብዝዟል፤ አቅጣጫውን የሚያመለክተው መስመር ግን ይታያል። ትናንት ማታ ገልብጬ ለጓደኛዬ ጻፍሁለት፤ የማላስታውሰውንም የማላስታውሰው መሆኑን ገለጽሁለት።