«አባ»፦ ከሰቃ እስከ ጅሬን ቤተ መንግሥት

እሷ፦ ከጅማ ወጣ ብላ በምትገኘው ሰቃ፣ በዚያ የቡና አገር፣ «አባ» የሚለው ቃል ወላጅን ብቻ አይጠራም። በአፋን ኦሮሞ «አባ ለፋ» የመሬቱ ባለቤት ነው፤ «አባ መና» ደግሞ ባል። ከጅማ እግር ኳስ ክለቦች አንዱ እንኳ «አባ ቡና» ይባላል።

እሱ፦ አማርኛውስ «አባወራ» ይል የለ? አባትነት ባለቤትነትም ኃላፊነትም ነው። የአማርኛው ዘመድ የግዕዙ «አብ» ነው፤ ዕብራይስጡም ዐረብኛውም ይጋሩታል።

እሷ፦ በጅሬን ቤተ መንግሥት የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር «አባ»ስ? የፈረስ ስም ነው፦ የጅፋር ጌታ።

እሱ፦ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» የተባሉትም በዚሁ ልማድ ነው። ፈረሱ ጌታውን አስጠራ፤ እንዴት ያለ ክብር ነው!

እሷ፦ ኦሮምኛ የኩሽ፣ ግዕዝ የሴም ቋንቋ ነው። ታዲያ «አባ»ን ማን ከማን ወሰደ? ቸኩሎ መፍረድ አይገባም፤ ሁለቱም የአፍሮ እስያ ቤተሰብ ናቸው። ደግሞም የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እንዳስረዳው፣ ሕፃናት አስቀድመው የሚያወጡት በከንፈር የሚፈጠሩ ድምፆችን ስለሆነ «አባ» እና «ፓፓ» በየአገሩ ይመሳሰላሉ።

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ የአያቶቻችሁን የፈረስ ስም የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፤ መዝግቡም።