ብረት የማይስማማው ሰውና ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



የጌዴኦ ምድር ዳገታማ ነው። በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ ከዲላ ከተማ ተነሥቶ እስከ ቡሌ ደጋ ሽቅብ የሚወጣው ይህ አገር ቡናውን ከእንሰቱ፣ እንሰቱን ከታላላቅ ዛፎች ጋር አዋሕዶ በመያዙ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህን መልክዓ ምድር ጠብቆ ያቆየው ግን የሰው እግርና የሰው ጉልበት ነው። ቡናው የሚለቀመው ዳገት ተወጥቶ ነው፤ እሸቱ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚደርሰውም በአብዛኛው በሰው ጀርባ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ዳሌው ወይም ጉልበቱ የተበላሸበት ሰው ምቾቱን ብቻ ሳይሆን ማሳውንም ያጣል።

ለምሳሌ ያህል በይርጋጨፌ አቅራቢያ የሚኖሩ አንዲት እናት ይታሰቡ። የዳሌያቸው ልም አጥንት አልቆ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል። ወጌሻ ታይተዋል፤ ማስታገሻ ወስደዋል፤ በመጨረሻም ሐኪም መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ ቢተካ እንደሚሻል ይነግራቸዋል። እርሳቸውም ይህን ሲሰሙ፣ «በልጅነቴ ጉትቻ ባደረግሁ ቁጥር ጆሮዬ ያብጥና ይቆስል ነበር፤ ብረት አይስማማኝም። ጆሮዬ ያልቻለውን አጥንቴ እንዴት ይችለዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ለሐኪሙ የቀረበ ቢመስልም ግማሹ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። የዚህም ንግግር ዓላማ ለግማሹ ጥያቄ መልስ መፈለግ ይሆናል።

በመጀመሪያ አለርጂን ከመመረዝ መለየት ያስፈልጋል። መርዝ መጠኑ ሲበዛ ማንንም ይጎዳል። አለርጂ ግን ሰውነታቸው ያንን ነገር አስቀድሞ እንደ ጠላት የመዘገበውን ሰዎች ብቻ ይመርጣል። ከብረቱ ተላቀው የሚወጡት ጥቃቅን አዮኖች ከሰውነት ፕሮቲን ጋር ሲጣበቁ ነጭ የደም ሕዋሳት ይህን ጥምረት እንደ ባዕድ ይቆጥሩታል፤ ዳግመኛም ሲያገኙት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ያብጣል። ከብረታ ብረት ሁሉ በዚህ ረገድ ስሙ የሚነሣው ኒኬል ነው፤ ኮባልትና ክሮሚየም ይከተሉታል። በአውሮፓ ከ100 ሴቶች ከ10 እስከ 15 ያህሉ ለኒኬል አለርጂ እንዳለባቸው የሚገመት ሲሆን፣ የወንዶቹ ቁጥር ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት ተበስቶ የሚደረገው የጆሮ ጌጥ እንደሆነ ስለታመነበት፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ቆዳን ከሚነኩ ዕቃዎች ሊወጣ የሚችለውን የኒኬል መጠን የሚወስን መመሪያ አወጣ።

መሐንዲስ እንደሚያውቀው፣ የማይዝግ ብረት የሚባለው ከዝገት ፈጽሞ የራቀ ሆኖ አይደለም። ገጽታውን የሚጠብቀው ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊዮንኛ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የኦክሳይድ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሳይነካ እስከቆየ ድረስ ብረቱ ዝም ይላል፤ ሲፋቅ ግን አዮን ይለቃል። የሰው አካል ደግሞ ጨዋማና 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ፈሳሽ ነው፤ መገጣጠሚያውም በዓመት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይንቀሳቀሳል። በይርጋጨፌ የቡና መፈልፈያ የሚጠግን መካኒክ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በኮመጠጠ ውኃ ውስጥ ተጣብቀው ሲንቀጠቀጡ በመገናኛቸው በኩል ቶሎ እንደሚበሉ ያውቃል። በሰው ሠራሽ ዳሌ አንገትና ኳስ መገናኛ ላይ የሚደርሰውም በመሠረቱ ይኸው ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የሚውሉት ዋና ዋና ብረቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ለቀዶ ሕክምና የሚሠራ የማይዝግ ብረት ሲሆን ከ100 እጅ ከ13 እስከ 15 ኒኬል፣ ከ17 እስከ 19 ደግሞ ክሮሚየም ይዟል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 የዘመናዊውን ዳሌ ቅየራ መሠረት ሲጥሉ ጭኑ ውስጥ የተከሉት ዘንግም ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነበር። ሁለተኛው የኮባልት፣ የክሮሚየምና የሞሊብዴነም ቅይጥ ነው፤ ክሮሚየሙ ከ27 እስከ 30፣ ሞሊብዴነሙ ከ5 እስከ 7 እጅ ሆኖ የቀረው በአመዛኙ ኮባልት ነው። የኒኬሉ መጠን አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ከነአካቴው የለም ማለት አይቻልም። ሦስተኛው 6 እጅ ያህል አሉሚኒየምና 4 እጅ ያህል ቫናዲየም የተቀላቀለበት ታይታኒየም ነው። ኒኬልም ኮባልትም ክሮሚየምም በዚህኛው ቅመም ውስጥ አይገቡም፤ ለታይታኒየም አለርጂ የሆነ ሰውም እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ ለሁሉም ታይታኒየም ይደረግላቸው» ሊል ይችላል። ከዚህ ድምዳሜ በፊት ግን ሁለት ነገሮችን ማመዛዘን ይገባል።

አንደኛው፣ የቆዳ አለርጂ ያለበት ሰው ሁሉ በአጥንቱ ውስጥ በገባው ብረት ይታመማል ማለት አለመሆኑ ነው። በዴንማርክ የጉልበት ቅየራ መዝገብ ከቆዳ አለርጂ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጥናት፣ የመጀመሪያው ጉልበታቸው እንደገና የተቀየረላቸውና ያልተቀየረላቸው ሰዎች የብረት አለርጂ መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ በተቀየረላቸው ዘንድ ግን የኮባልትና የክሮሚየም አለርጂ በርከት ብሎ ታይቷል። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጭምር ለጭንና ለቅልጥም ስብራት ሲሠራበት የቆየው የሳይን ዘንግ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ዘንግ ገብቶለት ያለ ማሳከክና ያለ እብጠት ለዓመታት የኖረ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ቢናገር፣ ነገሩ ቁርጥ ያለ ማስረጃ ባይሆንም ጠቃሚ ምልክት ይሆናል። ከቅየራ በኋላም ጉልበቱ ቢያብጥና ቢያም አስቀድሞ መመርመር ያለበት የጀርም ምረዛ፣ የዘንጉ መላላትና የአቀማመጡ መዛነፍ ነው። አለርጂ የሚጠረጠረው እነዚህ ሁሉ ተፈልገው ሲታጡ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ መገጣጠሚያ ሸክም ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን ተፋታጊም መሆኑ ነው። ታይታኒየም ለሸክም ምስጉን ነው። የመለጠጥ ጥንካሬው 110 ጊጋ ፓስካል ያህል በመሆኑ 220 ከሚደርሰው የኮባልት ቅይጥ ይልቅ 20 ገደማ ወደሆነው አጥንት ይጠጋል። ገጹ ግን በፍትጊያ ቶሎ ይጫራል። በዚህ ምክንያት የዳሌና የጉልበት ምርጫ ይለያያል።

በዳሌ በኩል መልሱ ቀላል ነው፤ ክፍሎቹ ተነጣጥለው የሚገጠሙ ናቸውና። ያለ አጥንት ሲሚንቶ የሚተከል የታይታኒየም ዘንግ፣ የታይታኒየም ጽዋ፣ በውስጡ የፖሊኤቲሊን ሽፋን፣ በዘንጉም ጫፍ የሴራሚክ ኳስ ቢደረግ፣ ከሦስቱ ተጠርጣሪ ብረቶች አንዱም ወደ ሰውነት ሳይገባ ሥራው ይፈጸማል። ይህም ለአለርጂ ተብሎ በልዩ ትእዛዝ የሚሠራ ሳይሆን በብዙ አገር የተለመደ አሠራር ነው።

በጉልበት በኩል ግን የጭኑን አጥንት ጫፍ የሚያለብሰው አንድ ወጥ ክፍል መሸከምም መፋተግም ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከኮባልት ቅይጥ ነው። ለዚህ ሁለት አማራጮች ይገኛሉ። አንዱ 97.5 እጅ ዚርኮኒየምና 2.5 እጅ ኒዮቢየም ያለበት ቅይጥ ሲሆን፣ በአየር ውስጥ በ500 ዲግሪ ገደማ ሲግል ገጹ 0.005 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ሴራሚክነት ይለወጣል። ይህ ሽፋን ከውጭ የተቀባ ሳይሆን ከብረቱ ከራሱ የበቀለ ነው። ሌላው የተለመደውን የኮባልት ቅይጥ በታይታኒየም ናይትራይድ ወይም በዚርኮኒየም ናይትራይድ መሸፈን ነው። እዚህ ላይ ሽፋኑ ከተጫረ ሥሩ ያው ኮባልት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በቅልጥም በኩል ያለው ክፍል ከታይታኒየም ወይም እንዳለ ከፖሊኤቲሊን ሊሠራ ይችላል።

አለርጂው ከብረት ላይሆንም ይችላል። የአጥንት ሲሚንቶ የሚባለው አክሪሊክ በውስጡ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድን የመሰሉ ማጠንከሪያዎች፣ አንዳንዴም ጄንታማይሲን የተባለውን መድኃኒት ይይዛል። እነዚህም አለርጂ የሚያስነሡባቸው ሰዎች አሉ። ስለሆነም ለብረቱ የሚደረገው ጥያቄ ለሲሚንቶውም መደረግ አለበት።

አዲስ ነገር ሁሉ ደግሞ መድኃኒት አይደለም። ሳን ጎባን ደማርኬ የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ የዚርኮኒያ ሴራሚክ ኳሶችን ለዓመታት ሲያመርት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የማቃጠያ ምድጃውን ዓይነት ለወጠ። ከአዲሱ ምድጃ የወጡ አንዳንድ ምድቦች በሰው አካል ውስጥ እየተሰበሩ በመገኘታቸው በ2001 ምርቱ ከገበያ ተሰበሰበ። ቅመሙ ሳይለወጥ የአሠራሩ መለወጥ ብቻ ይህን አስከተለ። እንደዚሁም በ2010 ደፑይ የተባለው ኩባንያ ብረት ከብረት ጋር የሚፋተግበትን ኤ ኤስ አር የተሰኘ የዳሌ መገጣጠሚያ ሰበሰበ፤ እስከዚያ ድረስ 93,000 ያህል ተተክሎ ነበር። ከፍትጊያው የሚወጣው የኮባልትና የክሮሚየም ብናኝ አለርጂ ያልነበረበትን ሰው ሥጋ ጭምር ጎድቷል። እንግዲህ ኒኬል የለበትም ተብሎ ብቻ የሚገዛ ዕቃ አስተማማኝ አይሆንም፤ የኖረና በመዝገብ የተፈተነ ታሪክ ሊኖረው ይገባል።

ይህ ሁሉ ለጌዴኦዋ እናት ምን ይጠቅማል? ከዲላ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመገጣጠሚያ ቅየራም በአገራችን በአብዛኛው የሚሠራው በዋና ከተማዋ ነው። በቆዳ ላይ ልጥፍ ተደርጎ የሚካሄደው የአለርጂ ምርመራ ከሁለት ቀን በኋላ ይነበባል፤ ከዚያም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እንደገና ይታያል። ለሩቅ አገር ሰው ይህ ማለት አንድ ሳምንት ያህል ከቤት ርቆ መክረም ነው። ከደም ተወስዶ የሚደረገው ምርመራ ደግሞ ሕያዋን ሕዋሳትን የሚያቆይ ልዩ ላቦራቶሪ ይጠይቃል። በመሆኑም ሁሉን ሰው በጅምላ መመርመር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ወጪ የለውም። ጉትቻ፣ የሰዓት ጀርባ፣ የቀበቶ ዘለበት ያሳክክዎታል ወይ? ቀድሞ የገባልዎት ብረት አለ ወይ? ይህ በዲላው ሆስፒታል፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ በጤና ጣቢያ ተጠይቆ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሊጻፍ ይችላል። መልሱ አዎን ከሆነ ምርመራውም ዕቃውም ሕመምተኛዋ ሳይሳፈሩ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይችላል።

ተራው እስኪደርስ ያለው ጊዜም ከንቱ አይሆንም። ምርኩዝ ከታመመው ዳሌ በተቃራኒው እጅ ሲያዝ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ሸክም በእጅጉ ይቀንሳል። ይህ የማንሻ ሕግ ነው። ብዙዎች ግን ምርኩዙን በታመመው ወገን ስለሚይዙት ጥቅሙን ያጡታል።

ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። የግዢ መዘርዝር በሚዘጋጅበት ጊዜ የእያንዳንዱ ክፍል ቅመም እንደ አይ ኤስ ኦ 5832 ባለ የታወቀ ደረጃ ተገልጾ እንዲቀርብ መጠየቅ አንዱ ነው። ሕክምና መሣሪያዎችን ጭምር የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ላይ እያለ፣ ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ዕቃ በእርዳታ ስም ቢመጣም አለመቀበል ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የሚቀለውና ከሁሉ የሚረሳው ነው፤ በዕቃው ማሸጊያ ላይ ያለው የሠሪው ስም፣ የሞዴልና የምድብ ቁጥር በሆስፒታሉ መዝገብ ከመለጠፉ ሌላ በካርድ ተጽፎ በሕመምተኛው እጅ እንዲቀር ማድረግ።

ከአሥር ዓመት በኋላ የእኒያ እናት ዳሌ እንደገና ቢያማቸው መጀመሪያ የሚያያቸው የዲላ ሐኪም ነው። ካርዱ በእጃቸው ከሌለ ምን እንደተተከለላቸው ለማወቅ መንገዱ እንደገና 360 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ካርዱ ካለ ግን ሐኪሙ አለርጂን ጠርጥሮ ወይም ጥርጣሬውን ጥሎ ወደ ሌላው ምክንያት በዚያው ቀን ይሄዳል።

ስለዚህ «ጆሮዬ ያልቻለውን አጥንቴ እንዴት ይችለዋል?» ለሚሉት እናት መልሱ ይህ ነው፦ ጆሮዎ ያልቻለው ብረትን ሁሉ ሳይሆን ምናልባት ኒኬልን ነው። ለዳሌዎ ኒኬል የሌለበት አሠራር አለ፤ እንደገና መራመድም የተከለከለ አይደለም። ይህን መልስ በሙሉ ልብ ለመስጠት ግን የሚተከለው ዕቃ ከምን እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ሊኖር የግድ ነው። ያን ማወቅና ማሳወቅ የዚህ ማኅበር አባላት ሙያ ነው።