ሐይቅ አንድ ሌሊት እደሩ
(ለማኅበራችን አባላትና ለእንግዶቻችን የተደረገ ንግግር)



ወደ ሐይቅ የሚመጣ እንግዳ ልማዱ ይታወቃል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይመጣል፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን ያያል፣ ውኃው ዳር ፎቶ ይነሳል፣ ሳይመሽ ደሴ ይገባል። ገዳሙ መታየት ያለበት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። ግን የወንዶች ገዳም ስለሆነ እኛ ሴቶች አንገባም። ባልና ሚስት ቢመጡ ባል ገብቶ ያያል፣ ሚስት ውጭ ትጠብቃለች። ዛሬ የምናገረው ለእሷ ነው፤ ባልየውም ቢሰማ አልከፋም።

መጀመሪያ ነገር፣ እደሩ። ሐይቃችን የሚያምረው በማለዳ ነው። ጉሙ ከውኃው ላይ ሳይነሳ ዓሣ አጥማጆቹ ይመለሳሉ፤ ዳር ላይ ክርክሩ፣ ሚዛኑ፣ ሳቁ ሌላ ነው። ረፋድ ላይ የደረሰ እንግዳ የሚያገኘው የተጠበሰውን ብቻ ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው የቡና ሰዓት ነው። እንግዶች አቦሉን ጠጥተው አመስግነው ይነሳሉ። እህቶቼ ታውቁታላችሁ፣ ወሬው የሚጀምረው ገና ቶናው ላይ ነው። በአቦል ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ይጠየቃል። በቶና ጤፍ ስንት እንደገባ፣ ዕቁቡ ለማን እንደወጣ፣ የማን ልጅ ዓረብ አገር እንደሄደች ይነሳል። በበረካው ምርቃት አለ፤ አንዷ ጎረቤት «አሚን» ስትል ሌላዋ «አሜን» ትላለች፣ ጀበናው ግን አንድ ነው። ወሎን ማወቅ የፈለገ ሰው እስከ በረካ ይቀመጥ።

ለቡናውም ክፈሉ። ይህን ስል ፊታቸውን ያጠቆሩብኝ እህቶች አሉ፤ ባለፈውም ተከራክረንበታል። እንግዳ አይከፍልም የሚባለው ለዘመድና ለመንገደኛ ነው። አስጎብኚ ቀጥሮ ለመጣ ሰው የከሰሉም፣ የስኳሩም፣ የእናንተም ድካም ዋጋ አለው። ለአስጎብኚው የሚከፈል ገንዘብ ቡና ላፈላችው ሲሆን ለምን ነውር ይሆናል?

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ በወልዲያ መንገድ ወደ አምባሰል ውጡ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም የዚህ አገር ስም ነው። ማሪቱ ለገሠን በካሴት የሰማችሁ፣ ጥር ላይ ብትመጡ ዜማውን ከሠርግ ድንኳን ትሰሙታላችሁ። ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ አለ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ቦታ ነው። ስለ ዳግማዊ ምኒልክና ስለ አንቶኔሊ ሳትጠይቁም ይነገራችኋል። እቴጌ ጣይቱ 17ኛውን አንቀጽ እንዴት አጥብቀው እንደተቃወሙ ግን እናንተ ጠይቁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን ካለፈ ወዲህ እንግዳ ተመናምኗል። ስለዚያ ጊዜ ቡና ላይ የምትናገር ትኖራለች፤ እሷ ካላነሳችው አትጠይቋት። ፎቶም አስፈቅዳችሁ አንሱ።

ለጋሾቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ለሚቀጥለው ጉብኝታችሁ ደሴ የምትይዙትን አልጋ እዚህ ሐይቅ ያዙት። እንጀራውን አባሎቻችን ይጋግራሉ። ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ መጥታ በር የምታንኳኳ ሰውም እንመድባለን።