ስማቸው ያልተጻፈ የቤቱ ሰዎች
(በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ከአገራችን ርቆ ስለሚገኝ አንድ የደሴት ቤት ነው። ነገሩ የሩቅ ይምሰል እንጂ ወደ ደጃችን መምጣቱ አይቀርም። የአሜሪካኑን ዓመቶች የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በኒው ዮርክ ግዛት ሼልተር የምትባል ደሴት አለች። በ1651 ናትናኤል ሲልቬስተር፣ ወንድሙ ኮንስታንትና ሁለት ሸሪኮቻቸው ይህችን 8,000 ኤከር የምታህል ደሴት በ1,600 ፓውንድ ያልተጣራ ስኳር ገዟት። በገንዘብ አይደለም፣ በስኳር! ስኳሩ ከየት መጣ ቢሉ፣ ባርቤዶስ ላይ የሸንኮራ እርሻ ነበራቸው። እዚያ መሬቱን ሸንኮራ ስለያዘው፣ ሥጋውና የበርሜሉ እንጨት ከሼልተር ይጫን ነበር። የደሴቲቱ የጥንት ባለቤቶች የሆኑት የማንሃንሴት ሰዎች ግን መሬታችንን አልሸጥንም ብለው አቤት ብለዋል።

የግዛቱን ሥራ ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። ናትናኤል በ1680 ሲናዘዝ ከሃያ የሚበልጡ ሰዎችን እንደ ንብረት ለወራሾቹ አስተላለፈ። ታመሮና ኦዩ፣ ጃኬሮና ሐና የሚባሉ ባልና ሚስቶች ከነልጆቻቸው እዚያ ተቆጥረዋል። ይኸው ሰው እኮ በሃይማኖታቸው ለሚሳደዱት ኩዌከሮች መጠጊያ የሰጠ ነው!

ዛሬ የሚታየው ትልቁ ቤት የተሠራው በልጅ ልጁ በብሪንሊ ዘመን፣ በ1730ዎቹ ነው። ርስቱ ከዘሩ ሳይወጣ ከ350 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2014 ቤቱና መሬቱ ለትምህርትና ለእርሻ ለቆመ በጎ አድራጎት ድርጅት ተሰጠ። በግቢው ውስጥ፣ ከዛፎች ሥር፣ የጥቁሮቹ መቃብር አለ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ የማን መቃብር እንደሆነ በጅምላ ተጽፏል፤ የእያንዳንዱ ስም ግን የለም።

ታዲያ እኛ የዕድር ሰዎች ነን። ሰው ያለ ስሙ ሲቀበር ዝም አንልም። በአገራችንስ ቢሆን ባርነት ተሽሮ አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. አይደለም ወይ? ስለ ትልልቅ ቤቶች ስናወራ የጌታውን ማዕርግ እንቆጥራለን፤ ውሃ የቀዳችውን፣ እህል የፈጨችውን ማን ያነሣታል?

ስለዚህ በሠፈራችን ስላሉት የድሮ ቤቶች የምታውቁትን፣ ይልቁንም የገነቧቸውንና ያገለገሉባቸውን ሰዎች ስም፣ መጥታችሁ ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታስመዘግቡ እንለምናለን። አባቶችና እናቶች ካለፉ በኋላ ማንን እንጠይቃለን?