ስም አንድ፣ ሰው ሁለት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። ላልተገኙ አባሎች በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ በኮሚቴው ተወስኗል።)



 ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ መጨመር አይደለም፤ አትሥጉ። የምንናገረው ስለ ስም ነው፤ በተለይም ስለ ሞክሼ። ስም ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል የሚል ይኖራል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በማኅበራችን የደረሰውን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። የማያውቅ ካለም ከሌላ ሰው አጣሞ ከሚሰማው ከእኛው ከጥፋተኞቹ ቢሰማው ይሻላል ብለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመዝገባችን ውስጥ ስማቸው መሐመድ ዓሊ የሚባል ሁለት አባሎች ነበሩን። ይህን መናገራችን ሰው መጠቆም አይሆንም። በገበያ ቀን መካከል ላይ ቆሞ «መሐመድ ዓሊ!» ብሎ ለተጣራ ሰው ስንቱ ዞሮ እንደሚያየው እናንተው ታውቃላችሁ። አንዱ የላይ ሰፈር፣ ሁለተኛው የታች ሰፈር ናቸው። እርስ በርሳቸው «ሞክሼ» እየተባባሉ የሚጠራሩ፣ በደስታም በኀዘንም የማይለያዩ ነበሩ።

የታች ሰፈሩ አባታችን ታመው ከርመው በሐምሌ አንድ ሌሊት አረፉ። ለፋፊያችን ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባውን ነፍቶ «መሐመድ ዓሊ አርፈዋል፤ ቀብር ከዙህር በኋላ ነው» ብሎ ለፈፈ። የተሰጠው ወረቀት ይኸው ነበር፤ ወረቀቱንም የጻፍነው እኛ ነን። ሰፈር አልጻፍንም፣ የአያት ስም አልጻፍንም። በዚህም ምክንያት ግማሹ ለቀስተኛ ወደ ላይ ሰፈር ወጣ። የላይ ሰፈሩ አባት ሰግደው፣ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ቡና ሲጠብቁ ጎረቤቱ እየጮኸ መጣባቸው። ወደ ቆላ የተዳረችው ልጃቸውም በስልክ ሰምታ፣ በጭነት መኪና ተሳፍራ፣ መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ መጥታ አባቷን በራፍ ላይ ቁጭ ብለው ብታይ እዚያው ወደቀች። ውኃ ተረጭቶባት ነው የነቃችው። እሳቸው ግን «ልጄ፣ የሞተው ሞክሼዬ ነው። ተነሺ፣ አብረን ሄደን እናልቅስለት» አሏት።

ይህ እንኳ በኋላ ተስቆበታል። የማያስቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ድንኳን ለማውጣት መዝገቡን ስንገልጥ ከሟቹ ስም ፊት ለፊት የአራት ወር ውዝፍ ተጽፎ አገኘን። በደንባችን ከሦስት ወር በላይ ውዝፍ ላለበት ድንኳን አይወጣም። ስለዚህ ባለቤታቸውን ጠየቅን። ለቀስተኛው በተቀመጠበት፣ ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ነው የጠየቅናቸው። «ኧረ በየወሩ ይከፍል ነበር» አሉ። የመክፈያ ካርዱን ቢያስፈልጉ ጣራው አፍስሶ ሣጥኑ ውስጥ በስብሷል፤ ቀለሙም ለቋል። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ዝም አሉ።

በዚያን ጊዜ የላይ ሰፈሩ አባት፣ ያው ሞቱ የተባሉት፣ ከሰው መካከል ተነሡ። «ባለፈው ወር ልከፍል ብሄድ አራት ወር ቀድመው ከፍለዋል፣ ይሂዱ ተባልኩ። እኔ ቀድሜ የከፈልኩት ነገር የለም። ይህ የሞክሼዬ ገንዘብ ነው። ቀርቤ ላስረዳ ስል ሞት ቀደመኝ» አሉ። ምን አለፋችሁ፣ ስንቆጥረው ልክ ሆነ። ድንኳኑ ወጣ፤ ቀብሩም በሰዓቱ ተፈጸመ። ግን እኒያ እናት በሰው ፊት የደረሰባቸውን እፍረት ድንኳን አይሸፍነውም። በዚያው ሳምንት ይቅርታ ጠይቀናቸው ይቅር ብለውናል። ዛሬም በእናንተ ፊት ደግመን እንጠይቃቸዋለን።

ስሕተቱ ከየት መጣ? መዝገቡን መረመርን። አንዱ ቦታ «መሐመድ» በሐመሩ ሐ፣ ሌላው ቦታ «መሀመድ» በሃሌታው ሀ፤ አንዱ ቦታ «ዓሊ» በዐይኑ ዓ፣ ሌላው ቦታ «አሊ» በአልፋው አ ተጽፏል። እኛም በልባችን «በሐመሩ ሐ የተጻፈው የላይኛው፣ በሃሌታው የተጻፈው የታችኛው» ብለን ይዘን ነበር። ገንዘብ ተቀባዩ ሲቀየር ያ በልባችን የያዝነው ምልክት ከእኛ ጋር ቀረ። ለአዲሱ ሰው ማን ነገረው? ማንም። እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም ይህ የትምህርት ማነስ ሳይሆን የጥንቃቄ ማነስ ነው።

እንግዲህ ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ስለከነከነን ከሬድዮም፣ ከመጻሕፍትም፣ መምህራንንም እየጠየቅን የለቃቀምነውን እናካፍላችሁ።

ከገዛ አገራችን እንነሣ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ተቀምጠው ሸዋን ሲገዙ አሊዩ አምባ የቆላው ንግድ በር ነበረች። በ1833 ዓ.ም. በዚሁ አልፎ ወደ አንኮበር የወጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ የዓርብ ገበያችንን በመጽሐፉ ጽፎታል። በዚያን ጊዜ የሲራራው መንገድ ከባሕር ዳር፣ ከታጁራ ይነሣል። የታጁራው ሱልጣን ስም መሐመድ ነው፤ የአባታቸውም ስም መሐመድ ነው። መንገዱ ወደ ይፋት ሲገባ ደግሞ የምሥራቁን ድንበር የሚጠብቁት የንጉሡ አበጋዝ ወላስማ መሐመድ ናቸው። ወላስማ የሚለው የጥንቶቹ የይፋት ሱልጣኖች የቤት ስም ነው። ነጋዴው ከመሐመድ ተነሥቶ መሐመድ ዘንድ ይደርሳል ማለት ነው። መንገድ ላይ «መሐመድ ልኮኝ ነው» ቢል ማን ያሳልፈዋል? የትኛው መሐመድ ይባላል። ስለዚህ አንዱን በአባቱና በአገሩ፣ ሌላውን በቤቱና በሹመቱ ለይቶ መጥራት ግድ ነው። ከ180 ዓመት በፊት የነበረ ባለ ግመል የሚያስፈልገውን ነገር እኛ መዝገብና እስክሪብቶ ይዘን ዘነጋነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ መሐመድ ዓሊ እንምጣ። በዚህ ስም የተጠሩ ሦስት ታላላቅ ሰዎች አሉ። ሦስቱም ለየብቻ ናቸው።

አንደኛው የግብጹ መሐመድ ዓሊ ፓሻ ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1805 እስከ 1848 ግብጽን ገዝተዋል፤ ጦር ልከው ሱዳንንም የያዙ እሳቸው ናቸው። ታዲያ የአባታቸው ስም ዓሊ እንዳይመስላችሁ፤ ኢብራሂም ነው። መሐመድ ዓሊ የሚለው ሁለቱም የራሳቸው ስም ነው።

ሁለተኛው የጎረቤታችን የወሎው ናቸው። እኒህ እንደኛ ሥርዓት የኢማም ዓሊ ልጅ መሐመድ ናቸው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ፣ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ብዙ ሰው በግድ ሃይማኖቱን በለወጠበት ጊዜ፣ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ራስ ሚካኤል ተብለው በ1888 ዓድዋ ዘመቱ። የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። በ1906 ነገሡ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 እዚሁ ሸዋ፣ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ንጉሥ ሚካኤል ማለት እሳቸው መሆናቸውን የማያውቅ አንባቢ፣ የወሎው መሐመድ ዓሊ በወጣትነታቸው የጠፉ ይመስለዋል። የእኛ ችግር አንድ ስም ለሁለት ሰው ነው፤ የሳቸው ደግሞ ሁለት ስም ለአንድ ሰው።

ሦስተኛው አሜሪካዊው ቦክሰኛ ነው። ቀድሞ ካሲየስ ክሌይ ይባል ነበር። ይህ ራሱ የአባቱ ስም ነው፤ አባትና ልጅ ሞክሼ ነበሩ። ለአባትየውም ስሙ የወጣላቸው ባርነትን ይቃወም በነበረ በአንድ ነጭ ሰው ስም ነው። ልጁ በ1952 በሮም ኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ፤ በ1956 የዓለም ሻምፒዮን ሆነና እስልምናን መቀበሉን አስታውቆ መሐመድ ዓሊ ተባለ። ብዙ ጋዜጠኞች አዲሱን ስሙን አንጠራም ብለው ነበር። ኧርኒ ቴሬል የሚባል ቦክሰኛም በአሮጌው ስሙ ጠራው። በ1959 ሁለቱ ሲጋጠሙ መሐመድ ዓሊ እየመታው «ስሜ ማን ነው?» እያለ ይጠይቀው ነበር። ይህችን ቃል ያዙልን፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

መሐመድ የነቢዩ ስም በመሆኑ ለበረከት ይወጣል፤ ስለዚህም ባለስሞቹ ብዙ ናቸው። በ1972 በሞስኮ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ምሩጽ ይፍጠር ወርቅ ሲያመጣ ነሐሱን ያመጣው መሐመድ ከድር ነው። በጥቅምት 1977 የኮረምን ረኃብተኞች በፊልም አንሥቶ ዓለምን ያስደነገጠው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። ይህ ሰው በ1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ ክንዱን አጣ፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሞተ። አንዱ መሐመድ ሮጠ፣ አንዱ መሐመድ ሌሎች ሲራቡ አይቶ ለዓለም ተናገረ። ሥራቸውን የሚለየው ከድርና አሚን የሚለው ሁለተኛው ስም ነው።

ክርስቲያን አባሎቻችን ደግሞ «ይህ የሙስሊሞቹ ጉዳይ ነው» እንዳትሉ አበበን እናንሣ። ራስ አበበ አረጋይ ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን በሸዋ አርበኞችን የመሩ ናቸው። አበበ ቢቂላ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ መንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ የተወለደ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በዐዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። አንዱ አበበ ጣልያንን በሸዋ ተራራ ላይ ተዋጉ፤ ሌላው አበበ በገዛ ከተማቸው ቀደማቸው። በሦስት ወሩ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ራስ አበበ ተገደሉ። የፈረንጅ ጋዜጦችም «ቢቂላ አሸነፈ» ብለው ጻፉ። ቢቂላ እኮ አባቱ ናቸው! እነሱ የአባትን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርገው ስለሚይዙት ነው።

አሁን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ ላይ ሌላ ኢትዮጵያዊ አበበ ይሮጥ እንደነበር የሚያውቅ አለ? አበበ ዋቅጅራ ይባላል። ሰባተኛ ወጣ። ከዓለም ሰባተኛ! በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይዘፈንለት ነበር። ነገር ግን «አበበ ሮም ላይ ሮጠ» ሲባል ለሁላችንም የሚታየን አንድ ሰው ነው። የሞክሼ ትልቁ ጉዳቱ ይህ ነው። የገነነው ያልገነነውን ይውጠዋል። የታች ሰፈሩ አባታችን በየወሩ ያለ ማቋረጥ የከፈሉት ገንዘብ እንዲሁ በሞክሼያቸው ስም ተውጦ ቀርቶ ነበር። ያወጣው የእኛ መዝገብ ሳይሆን የሞክሼያቸው ሐቀኝነት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ እኛም አናውቅም ነበር።

በመሆኑም ኮሚቴው ተወያይቶ የሚከተለውን አቅርቧል፤

አንደኛ፣ ማንኛውም አባል ስሙን እስከ አያቱ፣ ሰፈሩንና የአባልነት ቁጥሩን ያስመዘግባል። እስከ አያት አንድ የሆኑ ካሉ የእናት ስም ይጨመራል።

ሁለተኛ፣ በመዝገቡ ላይ የባል ስም ብቻ መጻፉ ቀርቶ የሚስትም ስም ይጻፋል። እኒያ እናት 20 ዓመት መዋጮ ሲከፈልላቸው ስማቸው በመዝገባችን ላይ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ስም በአንድ ዓይነት ፊደል ብቻ ይጻፋል፤ ሆኖም ፊደል የመለያ ምልክት ተደርጎ አይያዝም።

አራተኛ፣ ለፋፊው የአያት ስምና ሰፈር ያልተጻፈበት ወረቀት ቢሰጠው አይቀበልም፤ ጸሐፊው እኛ ብንሆንም እንኳ።

አምስተኛ፣ ይህኛው ድምፅ የሚሰጥበት ነው፤ በኀዘን ቤት ስለ ውዝፍ መጠየቅ ይቅር። ድንኳኑ ይቅደም፤ ሒሳቡ ከሰባት ቀን በኋላ ይታይ። «ሰው በዚህ ያታልላል» የሚል አለ። ሊኖር ይችላል። ነገር ግን አንድ አታላይ በማኅበሩ ላይ የሚያደርሰው የገንዘብ ጉዳት አንዲት ንጹሕ እናት በሬሳ ፊት ከምታፍረው አይበልጥም እንላለን። ውሳኔው የእናንተ ነው።

ለምዝገባው እስከ ሚያዝያ ወር መጨረሻ ካርዳችሁን ይዛችሁ ኑ። የበሰበሰም፣ የተቀደደም ቢሆን ይዛችሁት ኑ፤ ሌላ እንሰጣለን።

ወደ ጀመርነው እንመለስና እናብቃ። ያ ቦክሰኛ «ስሜ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ጉልበት ነበረው። ሟች ግን አይጠይቅም። ባልቴትም በኀዘኗ መካከል አትጠይቅም። ስለነሱ ሆኖ መልስ መስጠት ያለበት መዝገቡ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሚውለው ግን የማን ስም እንደሆነ በትክክል ሲጻፍ ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ
አሊዩ አምባ