ቅይጥ ፍልሚያን መከታተል እንዴት እንጀምር?

(በማኅበራችን ወርሃዊ የቡና ፕሮግራም ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



«ልጆቻችን ሌሊት የሚያዩት ድብድብ ምንድን ነው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ስሙ ኤም ኤም ኤ ነው። ቦክስ፣ እርግጫ፣ ትግልና ጁጂትሱ በአንድ ሜዳ የሚገናኙበት ውድድር ነው። ትልቁ አዘጋጅ ዩ ኤፍ ሲ የመጀመሪያውን ውድድር ያካሄደው በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ነው።

ለጀማሪ ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ ጊዜው፦ ግጥሚያው 3 ዙር፣ ለሻምፒዮንነት ሲሆን 5 ዙር ነው፤ እያንዳንዱ ዙር 5 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለተኛ ነጥቡ፦ በዝረራ ወይም በዳኛ ውሳኔ ካልተቋረጠ ሦስት ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ። ዙሩን ያሸነፈ 10፣ የተሸነፈ አብዛኛውን ጊዜ 9 ያገኛል። እናንተም ወረቀት ይዛችሁ ነጥብ ስጡ፤ ዓይናችሁ ቶሎ ይለምዳል።

ሦስተኛውን አደራ አስተውሉት። አንገቱ የታነቀ ወይም ክንዱ የተጠመዘዘ ተፋላሚ በእጁ መታ መታ ካደረገ «በቃኝ» ማለቱ ነው። ዳኛው ወዲያው ያስቆማል፤ ያሸነፈውም ይለቃል።

እህቶቼ፣ ከመካከላችን «በቃኝ» ብለን ሰሚ ያጣን አለን። ስለዚህ ይህን ስፖርት ማየት የሚከብዳት ብትኖር አልፈርድባትም። ልዩነቱን ግን እንወቅ። እዚያ ሁለቱም ወደው ይገባሉ፤ በክብደት ይመጣጠናሉ፤ መሐላቸው ዳኛ አለ። ቤት ውስጥ የሚወርድ ዱላ ፈቃድም፣ ሚዛንም፣ ዳኛም የለውም። ወንዶች ልጆቻችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ ስታዩ ይህንኑ ንገሯቸው። ከቁጣ ይልቅ እንዲህ ያለው ጨዋታ ጆሯቸው ይገባል።

ከማን እንጀምር? ሁሉንም ለማወቅ አትሩጡ፤ አንድ ሰው ምረጡ። ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር ኖሯል። በረሃና ባሕር አቋርጦ አውሮፓ ገባ፤ ፓሪስ ውስጥ ጎዳና ላይ አደረ። በ2021 እ.ኤ.አ. የዩ ኤፍ ሲ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። የስደትን መንገድ የምናውቅ ሰዎች ታሪኩን ለማንም አናስረዳም።

ሴቶች በዩ ኤፍ ሲ መፋለም የጀመሩት በ2013 እ.ኤ.አ. ሮንዳ ራውዚና ሊዝ ካርሙሽ ሲገጥሙ ነው። ቻይናዊቷ ዣንግ ዌይሊና ፖላንዳዊቷ ዮአና የንድዠይቺክ በ2020 እ.ኤ.አ. ያደረጉትን የ5 ዙር ግጥሚያ ፈልጋችሁ እዩ። ሁለቱም ሳይበገሩ እስከ መጨረሻው ዘለቁ፤ ዳኞቹ ራሳቸው አልተስማሙም፤ ዣንግ በሁለት ለአንድ ድምፅ አሸነፈች።

በመጨረሻ ሁለት ማሳሰቢያ፦ ደም ስለሚታይበት ሕፃናት ባያዩት ይሻላል። ቁማሩንም ራቁ፤ የእቁባችን ብር ለማንም ቡጢ መወራረጃ አይሁን።